ትናንት ስንት ትራስ ነበር?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስለ ልብ ድካም ናቸው፤ በተለይ በመድኃኒት ተረጋግቶ የቆየ ታማሚ መልሶ ሲደክም ነርሱም ቤተሰቡም ምን ማየትና ምን ማድረግ እንዳለባቸው። የደረሱን ከአራት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከለገሃር አካባቢ ነው። መልሱን የሰጡት በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ። የልብ ድካም ያለባቸው ታማሚዎች በርክክብ ላይ «ደህና ናቸው፣ ቫይታል ሳይናቸው (የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት) ኖርማል ነው» ተብለው ይተላለፉልኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ግን ድንገት ተነሥተው ቁጭ ይሉና «አየር! አየር!» ይላሉ። ምኑን ነው የምዘለው? (ነርስ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የሚዘለለው ማነጻጸሪያው ነው። የልብ ምታቸው 96 ነው እንበል፤ መጽሐፉ ኖርማል ይለዋል። ትናንት በዚሁ ሰዓት 74 ከነበረ ግን ልባቸው ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሏል ማለት ነው። ቁጥር የሚናገረው ከዚያው ሰው የትናንት ቁጥር ጎን ሲቀመጥ ነው።

ሌሊት የሚብስበት ምክንያትም አለው። ቀን ሲቀመጡና ሲቆሙ እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጋደም ሲሉ ቀስ እያለ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። የደከመው የግራ ልብ የመጣለትን ሁሉ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ግፊቱ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይዞራል። ስለዚህ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ እየታፈኑ ይነቃሉ። የሌሊቱን ጣጣ ከማታው ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ እጅዎን ሳያሳርፉ ከበሩ ሆነው ይዩ። አልጋው ምን ያህል ቀና ብሏል? ከጀርባቸው ስንት ትራስ አለ (ትንፋሽ ሲያጥር ትራስ ይበዛል)? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ይጨርሳሉ ወይስ በየሦስት ቃሉ አየር ይስባሉ? ቀጥለው ይጠይቁ፤ ግን «ደህና ነዎት?» አይበሉ። ያገራችን ሰው ትንፋሹ እያጠረም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። «ትናንት ስንት ትራስ ነበር? ሌሊት ተነሥተው ቁጭ ብለዋል? ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ነበር? ሳሉ የሚመጣው ሲተኙ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አስታማሚውንም ለብቻ ይጠይቁት፤ ታማሚው የሚሸፍነውን አስታማሚው ይናገራል።

ትንፋሽ ሲቆጥሩ 60 ሰከንድ ሙሉ ይቁጠሩ፤ እጅዎን የደም ሥራቸው ላይ አድርገው የልብ ምት እንደሚቆጥሩ ሆነው። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ቻርት ላይ «20፣ 20፣ 20» የሚል ቁጥር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ካገኙ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ዕረፍት ላይ ሆነው ከ24 በላይ የሚተነፍሱ ታማሚ ለሐኪም መነገር አለባቸው፤ ከ30 በላይ ከሆነ እየተራመዱ ሳይሆን እየሮጡ ነው የሚነገረው።

ስለ ኦክስጅን ሳቹሬሽን (ደም የያዘው ኦክስጅን በመቶኛ) አንድ ነገር አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ቁጥሩ ከድሬዳዋው በጥቂት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል። 92 ስላዩ ብቻ አይደንግጡ፤ ትናንት 95 የነበረው ዛሬ 91 ከሆነ ግን ይደንግጡ። ከ90 በታች ሲወርድ ኦክስጅን ይጀመራል፤ በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር፣ ካልበቃ በማስክ፣ በጣም ለከፋው ከረጢት ባለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር። በረዶ የመሰለ ጣት ላይ የተሰካ መለኪያ ይዋሻል፤ ጣቱን አሙቀው ወይም በጆሮ ጫፍ ይድገሙት። ሳቹሬሽኑ ደህና ለሆነ ታማሚ ደግሞ ኦክስጅን «ለማንኛውም» ተብሎ አይሰካም።

ከዚያ አንገት። ታማሚውን 45 ዲግሪ ያህል አስደግፈው ፊታቸውን በትንሹ ወደ ግራ ያዙሩ፤ በቀኝ አንገት ላይ የደም ሥሩ የሚንቀጠቀጥበትን ከፍተኛ ቦታ ይፈልጉ። ያ ቦታ በደረት አጥንት ላይኛው ክፍል ካለችው ጉብታ ቀጥ ብሎ ሲለካ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ደም ወደ ኋላ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ሳንባ የሚደመጠው ከጀርባ፣ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ጸጉር በጣት ሲፈተግ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ (ክራክል) ታች ብቻ ነው ወይስ እስከ መሐል ወጥቷል? ለብዙ ዓመት በታመሙት ላይ ሳንባው ጸጥ ብሎም ውሃው ሊኖር ስለሚችል «ክራክል የለም» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

እብጠት ሲመረምሩ የፊት ቅልጥሙን አጥንት ላይ ከ5 ሰከንድ ያላነሰ ተጭነው ይልቀቁ። ጉድጓዱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ መስቀል (+)፣ ወደ 4 ሁለት፣ ወደ 6 ሦስት፣ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት መስቀል ተብሎ ይጻፋል። እስከ የት እንደደረሰም ይጻፉ፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ጭን። አልጋ ላይ ለሚውሉት ግን ውሃው የሚያርፈው ወገብ ሥር ነው፤ ገልብጦ ያላየ ነርስ «እብጠቱ ጠፍቷል» ብሎ ይጽፋል፤ የጠፋው ግን የሚፈለግበት ቦታ ነው።

የመጨረሻው እጅና እግር ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የሞቀ እጅ ያለውና ውሃ የሞላው ታማሚ ውሃው ሲወጣለት ይሻለዋል። እጁ የቀዘቀዘ፣ ላብ ያረጠበው፣ የሚቃዥ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ ሽንቱ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች የሆነ ታማሚ ግን ልቡ ደም ማድረስ እያቃተው ነው። የደም ግፊቱን ልዩነት ያስሉት፦ 100 በ84 ከሆነ ልዩነቱ 16 ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ቁጥር ሩብ ሳይሞላ ሲቀር፣ ላይኛው ቁጥር ከ90 በላይ ቢሆንም እንኳ፣ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም።

ርክክቡም በዚሁ መንገድ ይሁን። «ደህና ናቸው» ከማለት ይልቅ፦ «እሑድ 63.2 ኪሎ ነበሩ፣ ዛሬ 64.9 ናቸው፤ ከሁለት ትራስ ወደ ሦስት ወጥተዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ የሸኑት 400 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ላዚክስ (ውሃን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት) 40 ሚሊ ግራም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተሰጥቷቸዋል።» ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ላዚክስ በደም ሥር ሰጥተን ሽንት በደንብ ካልመጣ ምን ያህል እንጠብቅ? ሐኪሙን ቶሎ ቶሎ መጥራትም ያስፈራል። (ጀማሪ ነርስ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በደም ሥር የገባ ላዚክስ በ5 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ በግማሽ ሰዓት ከፍታው ላይ ይደርሳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉልበቱ እያለቀ ነው። ስለዚህ «እስከ ጠዋት እንየው» የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ በሰዓት ቢያንስ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ሽንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ እንዲያደርግ መንገር የነርሱ ሥራ ነው። አያስፍራዎት፤ የሚያስፈራው ሳይነገር የነጋው ሌሊት ነው።

ከመደወልዎ በፊት ግን ጥቂት ነገር ያጣሩ። ካኑላው (መድኃኒት የሚገባባት ቱቦ) ደም ሥር ውስጥ ነው ወይስ ክንዳቸው አብጦ መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ቀርቷል? ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላቸው ታጥፏል? እምብርት ሥር ሲነኩት የተወጠረ ፊኛ አለ? ወንድ አዛውንት ከሆኑ ፕሮስቴቱ ዘግቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኩላሊቱ ሠርቷል፣ በሩ ነው የተዘጋው። የደም ግፊታቸው ስንት ነው? ኩላሊት በቂ ደም ካልደረሰው ላዚክስ ብቻውን አይሠራም። ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፊን ወስደዋል? እነዚህ ሁለቱ ጨውና ውሃ ይይዛሉ፣ የላዚክስንም ጉልበት ያዳክማሉ። ፋርማሲ ተገዝቶ በትራስ ሥር ያለ ለጉልበት ሕመም የሚዋጥ ኪኒን ያልተጠየቀ ስለሆነ ብቻ ሳይታወቅ ይኖራል።

መጠኑም ይታይ። ላዚክስ በልቶ የማያውቅ ታማሚ ብዙ ጊዜ በ20 ወይም በ40 ሚሊ ግራም ይጀመርለታል። ቤቱ በቀን 80 ሲውጥ ለኖረ ሰው ግን በመርፌ 20 መስጠት ከቤቱ ያነሰ ማድረግ ነው፤ ቢያንስ የቀኑን መጠን ያህል፣ እስከ እጥፉም ይታዘዝለታል። «ቤት ስንት ይወስዱ ነበር?» ብሎ ጠይቆ የሚጽፈው ነርሱ ነው። የሚዋጠው ላዚክስ ከአንጀት የሚገባው በአማካይ ግማሹ ነው፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። ሆድና አንጀታቸው ውሃ በቋጠረ ጊዜ ቤት ያለው ኪኒን የማይሠራውም በዚህ ነው።

አገፋፉ፦ አምፑሉ ብዙ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው። ቀስ ብለው ይግፉት፤ ትልቅ መጠን ሲሆን በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም አይለፉ። ተቻኩሎ የተገፋ ላዚክስ ጆሮ ያስጮኻል፣ መስማትንም ይጎዳል። ለምሳሌ 80 ሚሊ ግራም ለማስገባት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጥድፊያ ሰዓት ይህን ያህል ቆሞ የሚገፋ ስለማይገኝ በመርፌ ፓምፕ ወይም በትንሽ ከረጢት ማድረጉ ይሻላል።

ሽንቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀምራል። ፖታሲየምም አብሮ ይወጣልና ውጤቱን ይከታተሉ፤ በ4 እና በ5 መካከል ቢሆን ይመረጣል። ካነሰ የልብ ምት ይዛባል። በደም ሥር ፖታሲየም ሲሰጥ ሁልጊዜ ተበጥብጦ፣ በተራ ክፍል ውስጥ በሰዓት ከ10 ሚሊ ሞል ሳያልፍ ነው፤ በመርፌ ተስቦ በቀጥታ የተገፋ ፖታሲየም ልብን ያቆማል። ሲነሡ እንዳይወድቁም ይጠብቋቸው፤ ሽንት ያጣደፈው ሽማግሌ ጨለማ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ሁሉም ታማሚ ካቴተር አያስፈልገውም፤ ራሱን ችሎ በፖፖ የሚሸና ሰው ላይ ካቴተር ማስገባት ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ዘመዶች እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርገን ነበር፤ ነርሷ አወረደችው። «ደክመዋል፣ ግሉኮስ ይሰካላቸው» ብንልም እምቢ አለች። ትክክል ናት? (አስታማሚ፣ ከለገሃር)

መልስ፦ በሁለቱም ትክክል ናት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እግሩ ከፍ ሲል የእግሩ ውሃ ሁሉ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሮጣል። ያን ጊዜ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው፣ እግራቸው ከአልጋው ጠርዝ ቢንጠለጠል ይሻላቸዋል። ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ የእግር እብጠት ብቻ ሲቀር በመጠኑ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ግሉኮስ የሚባለው ነገር ከልማድ የመጣ ነው፤ ሰው ሲደክም ጠብታ ካልተሰካለት ያልታከመ ይመስለናል። «ግሉኮስ» እየተባሉ ከሚንጠለጠሉት ፈሳሾች አንዱ ኖርማል ሳላይን ነው፤ በአንድ ሊትሩ ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ። ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ሆኖ ሳለ፣ አንድ ከረጢት የሁለት ቀን ጨው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በቀጥታ ደም ሥራቸው ውስጥ ያስገባል። የእናትዎ ድካም ከውሃ ማነስ ሳይሆን ከመብዛቱ ነው። ነርሶችም ይህን ይጠንቀቁ፦ አንቲባዮቲክ የሚበጠበጥበት በየጊዜው 100 ሚሊ ሊትር፣ ካኑላ እንዳይዘጋ ተብሎ የሚንጠባጠበው፣ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚታጠብበት ሁሉ ተደምሮ በገባና በወጣ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ደም የሚሰጣቸው ከሆነም አንዱ ከረጢት ቀስ ብሎ፣ ግን ከ4 ሰዓት ሳያልፍ ይገባል፤ ላዚክስ አብሮ ይሰጥ እንደሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠየቅ።

አስታማሚ ማገዝ ከፈለገ ሥራ ሞልቷል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማገላበጥ፣ ያበጠውን ቆዳ ሳያሹ ማጠብና ማድረቅ፣ ተረከዝ አልጋ እንዳይነካ ማድረግ፣ የጠጡትን ሁሉ በቁጥር መንገር። ያበጠ ቆዳ ስስ ነው፤ አንዴ ከተላጠ ቶሎ አይድንም።

ጥያቄ፦ አባቴ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ናቸው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነን፣ ሊፍት የለም። መባባሱን ከቤት ሆነን እንዴት እንወቅ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አንድ ሚዛን ይግዙ። ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ተራ የሰው ሚዛን ይበቃል። በየቀኑ ጠዋት፣ ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ፣ ሚዛኑ ጠንካራ ወለል ላይ ተቀምጦ ይመዘኑ፤ ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን ይሳሳታል። መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት በሚቀመጡት ሚዛን ጋቢና ጫማ አድርጎ መመዘን ለዚህ ጉዳይ አይረባም። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት።

የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው፤ ሥጋና ስብ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይጨምርም። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ ነው፣ እግራቸው ገና ባያብጥም። ያን ዕለት ወደ ክትትል ክፍሉ ይደውሉ ወይም ይሂዱ፤ ቀጠሮው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው ብለው አይጠብቁ። አንዳንድ ሐኪሞች «ይህን ያህል ከጨመሩ አንድ ተጨማሪ ላዚክስ ይውሰዱ» ብለው በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ ሳይሰጧችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በቀጠሮ ቀን ግን ጠይቁ።

ደረጃው ሌላው ሚዛናችሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ አርፈው ይወጡ የነበሩት ዛሬ በየፎቁ የሚያርፉ ከሆነ ልባቸው ደክሟል። ጫማና ካልሲ መጥበቡ፣ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ መሄዱ፣ ሁለት ጉርሻ በልተው «ጠገብኩ» ማለታቸው (ጉበትና አንጀታቸው ውሃ ሲቋጥር ሆድ ቶሎ ይሞላል)፣ ደረቅ ሳል፣ ከአልጋ ወጥተው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ማደር፣ እነዚህ ሁሉ በቀናት ቀድመው የሚመጡ ናቸው።

ዕረፍት ላይ ሆነው ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሮዝ የመሰለ አረፋ ያለው አክታ ካመጡ፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ የሚጠበቅ ነገር የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። በራሳችሁ መኪና ወይም በታክሲ ከሄዳችሁም ኋላ ወንበር ላይ አታስተኟቸው፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ከአራተኛ ፎቅ ሲወርዱ በእግራቸው አይራመዱ፤ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ አውርዷቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ከትታችሁ ያዙ፤ «ነጯ ክኒን» የሚል መልስ ለድንገተኛ ክፍል አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ወላጆቼ መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት አይነኩም፣ ጠበል በጀሪካን ያስመጣሉ፣ ወጥ ያለ ጨው አይበላም ይላሉ። እንዴት እናስማማቸው? (የሁለት የልብ ታማሚዎች ልጅ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። ለታመመ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ ከልጅ አፍ ከሚሰሙት ከካህን ቢሰሙት ይቀበሉታል። ሐኪሙም ነርሱም «አይጹሙ» ከማለት ይልቅ መድኃኒቱን በጾሙ ዙሪያ ማደራጀት ይቀላቸዋል። የጠዋቱን መድኃኒት ያለ ምግብ በጉንጭ ውሃ መውሰድ ከተስማሙ ችግሩ አበቃ። የሚቆርቡ ዕለት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ወዲያው ይውሰዱ፤ ሰዓቱን ማዘዋወር እንጂ መዝለል የለም። ላዚክስ ያጣድፈኛል ብለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅሶ ሲሄዱ የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ማግኘት ከባድ መሆኑን እኛም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ቀን ሲመለሱ ይዋጡት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል፤ ያለበለዚያ ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ።

ጠበል ውሃ ነው፤ በረከቱን ማንም አይነካባቸውም፣ ሊትሩ ግን ይቆጠራል። ውሃ እንዲቀንሱ የታዘዙ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ የሚፈቀድላቸው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ግድም ነው። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ጠዋት የሁለት ሊትር ሃይላንድ ላይ ምልክት አድርጋችሁ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ሙሉበት። ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ አጥሚት ወይም ጠበል በጠጡ ቁጥር ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋ። ሃይላንዱ ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አልቋል። ሲጠማቸው አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ሎሚ ይምጠጡ። አምቦ ውሃ ሶዲየም ያለው የማዕድን ውሃ ስለሆነ ለየዕለቱ መጠጥ አይሁን።

ጨውን በተመለከተ ትልቁ ስሕተት ጨው የሚገባው ከማንኪያ ብቻ ይመስለናል። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ፣ ለወጥ የሚጨመረው ኩብ ሁሉ ጨው አለበት። በርበሬና ሽሮ ሲፈጭ ለአባትና እናታችሁ ጨው ያልገባበት ለብቻ ይዘጋጅ። ወጡ ሳይጨው ተሠርቶ የእነሱ ድርሻ ከወጣ በኋላ የሌላው ቤተሰብ ይጨው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ጣዕሙን ይመልሱታል። ምላስ ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ታገሡ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን «የጨው ምትክ» ግን አትግዙ፤ ብዙው ፖታሲየም ነው፣ ለልብ ድካም ከሚታዘዙት ከኢናላፕሪልና ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲገናኝ ፖታሲየሙን አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሰዋል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ዶሮውም ክትፎውም ተደራርቦ ስለሚመጣ በዚያ ሳምንት ሚዛኑ አይረሳ።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ በልጅነቴ በተያዘብኝ የሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቬ ተጎድቷል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ በየወሩም ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ልቤ ሲደክም የማልረሳው ምን ይሁን? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ዋርፋሪን ላይ ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ግን አይዋዥቅ። በጾም በየቀኑ ጎመን፣ በፍስክ ጭራሽ ያለ ጎመን ከሆነ አይኤንአርሽ (ደምሽ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር) ይወጣል ይወርዳል። የግብሽን ቁጥር እወቂ፤ ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 3 ነው፣ ሚትራል ቦታ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከገባልሽ ከዚያ ከፍ ይላል። የልብ ድካም ሲባባስ ጉበት ውሃ ስለሚቋጥር የዋርፋሪን ኃይል ይጨምራል፤ ድድ ከደማ ወይም ሰገራ ከጠቆረ ዛሬውኑ ተመርመሪ። ሜትሮኒዳዞል ወይም ባክትሪም (አንቲባዮቲኮች ናቸው) ከታዘዘልሽ ዋርፋሪን እንደምትወስጂ ንገሪያቸው።

ፔኒሲሊኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ28 ቀኑ ነው። ነገር ግን ድካሙ ተባብሶ ትንፋሽ በሚያጥርሽ ሰሞን ከመወጋትሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። ቫልቫቸው በጣም በተጎዳ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርስ ድንገተኛ መውደቅ ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም፤ ደካማው ልብ ድንጋጤውን አለመቻሉ ነው። ለእንዲህ ያሉት በአፍ የሚወሰደው ሊመረጥ ይችላል። ስትወጊም ተኝተሽ፣ በልተሽና ጠጥተሽ ይሁን። ልጅ መውለድ ካሰብሽ ደግሞ ሳታረግዢ በፊት ተነጋገሪ፤ ዋርፋሪንም ኢናላፕሪልም ፅንስ ይጎዳሉ፣ የጠበበ ቫልቭም በእርግዝና ጊዜ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የልብ ምት በእጅ አንጓ ብቆጥር ይበቃል? (የነርሲንግ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ አይበቃም። ምታቸው የተዛባ ታማሚዎች ላይ ከልብ የሚነሣው ምት ሁሉ አንጓ ላይ አይደርስም። ማዳመጫውን ልብ ጫፍ ላይ አድርገሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ60 በታች ከሆነ አትስጪ፣ ሐኪም አሳውቂ። ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገሮች ቢጫ መስለው መታየት ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ካለ መርዝ እየሆነባቸው ነው፤ በተለይ ላዚክስ ፖታሲየማቸውን ባወረደውና ኩላሊታቸው በደከመ ሽማግሌዎች ላይ።

ጥያቄ፦ ታማሚ ሲወጣ ሁሉንም ነገር አስረድተን እንለቃለን፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ምን ጎደለ? (የክፍል ኃላፊ ነርስ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ምናልባት ማስረዳቱ የተደረገው ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ፣ መኪናው በር ላይ ሲጠብቅ ነው። ትምህርቱ ከገቡ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሰጥ፤ ምግብ የሚያበስለው ሰው ደግሞ አጠገባቸው ይኑር። «ገባዎት?» አይጠየቅም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ መልሳቸውን ስሙ።

የመውጫ ክብደታቸው ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ቤት ሆነው የሚያነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው። ከመውጣታቸው በፊት ላዚክሱ ከመርፌ ወደ ኪኒን ተዛውሮ ሽንታቸው እንዳልቀነሰ ይታይ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት ባያልፍ፣ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን በአዲስ ከተጀመሩ ደግሞ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራው በአንድ ሳምንት ይደረግ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትንሽ የሚመስል። ቻርታችን የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ቤቱ የሚኖረው በኢትዮጵያ ሰዓት። ፓኬቱ ላይ «8፡00» ተብሎ የተጻፈውን የጠዋት መድኃኒት ቤተሰቡ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሰጠዋል፤ «2፡00» የተባለው ሁለተኛው ላዚክስ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዋጥና ታማሚው ሌሊቱን ሽንት ቤት ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ሰልችቶት ይተወዋል። ፓኬቱ ላይ ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ «ጠዋት ከቁርስ በፊት»፣ «ከምሳ በኋላ» ብላችሁ ጻፉ።